ከወፎቹ በፊት የሚገባ አንሶላ

እኔ የሌሊት ወፍ አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ታሪኩን የሚሰማ ሰው ለእነሱ የምሟገት ሊመስለው ይችላል። ጠረናቸውን አልወድም። ቀኑን ሙሉ ተዘቅዝቀው መነታረካቸውን አልወድም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንሶላዬ ላይ የሚያደርጉትን አልወድም። እኛ አጣቢዎች ነን፤ የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላና የትራስ ልብስ አጥበን፣ ተኩሰን እንመልሳለን። ከነጭ አንሶላ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው ጓሮው ውስጥ የሌሊት ወፍ የሰፈረበት ሾላ ካለው፣ ኑሮው ከባላንጣው ጋር አንድ ግቢ ማደር ነው።

ወደዚህ ቤት በምራትነት ስመጣ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ባሌ ባጃጅ ነጂ ነው፤ አንሶላውን ከየማረፊያው የሚያመጣውም የሚመልሰውም እሱ ነው። ሊያገባኝ ሲል ስለ እናቱ ነገረኝ፣ ስለ ወንድሙ ነገረኝ፣ ስለ ልብስ ማስጫው ገመድ ርዝመት እንኳ ነገረኝ፤ ስለ ሾላው ግን ትንፍሽ አላለም። በመጣሁ ሰሞን፣ ጎበዝ ምራት ለመባል ስል ካለወትሮው ብዙ አጠብኩና አንሶላውን ሁሉ እስኪመሽ ገመድ ላይ ተውኩት። ጀምበር ስትጠልቅ ሾላው ተንቀሳቀሰ። ደረቅ ቅጠል የመሰለኝ ሁሉ ክንፍ አወጣና ተነሳ፤ በገመዱ በላይ እየተግተለተሉ አለፉ። ሾላ ጠግቦ የዋለ የሌሊት ወፍ ሲነሳ መጀመሪያ ሆዱን እንደሚያቀል ያን ቀን ተማርኩ።

አንሶላው ሁሉ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ሳየው አለቀስኩ። ከዚያ ተሳደብኩ። ከዚያ ድንጋይ አነሳሁ። ድንጋዩን ከእጄ የወሰደው የባሌ ታናሽ ወንድም ነው።

በቤቱ ውስጥ ባሌ ትልቁ ነው፣ እሱ ትንሹ። እንዲያው ትንሹ ተባለ እንጂ ቁመቱ ከየበሩ ጉበን ጋር ሲያጋጨው የሚኖር ሰው ነበር። ድንጋዩን መሬት አስቀመጠና እነሱ ከኛ ቀድመው የነበሩ ናቸው፣ ሕጉን መልመድ ያለብሽ አንቺ ነሽ አለኝ። ሕጉ አንድ ነው፤ አንሶላ ከወፎቹ በፊት ይገባል። ጠዋት እነሱ ዛፋቸው ላይ ከሰፈሩ በኋላ ይሰጣል፣ ማታ ከመውጣታቸው በፊት ይሰበሰባል። ጥርስ አርፎበት የወደቀ ፍሬ ደግሞ በእጅ አይነካም፤ በአካፋ ተዝቆ ይጣላል። በተረፈ ደህና ጎረቤቶች ናቸው አለኝ፤ ዕቃ አይዋሱም፣ ሐሜት አያመላልሱም። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ሳፋው ፊት ተቀመጠና የተበላሸውን አንሶላ ሁሉ አብሮኝ እንደገና አጠበ። ባሌ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎልኝ አያውቅም። ሥራ ስለሚበዛበት ነው ይላል።

አማቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ አጣቢ ነበሩ። ባላቸው ቀድመዋቸው ስለሞቱ ሁለቱን ወንዶች ያሳደጉት በሳፋ ነው። እኔ ስመጣ ዓይናቸው መድከም ጀምሮ ነበር፤ እያደር ብርሃኑን ከጥላው ከመለየት በቀር የማያይ ሆነ። ልባቸውም ታማሚ ነው። ሐኪሙ ሳፋ ማንሳትም፣ ጎንበስ ቀና ማለትም ከለከላቸው። እሳቸው ግን የተከለከሉትን ከሰሙ በኋላ ያልተከለከሉትን ጠየቁ፤ ማጠፍ አልተከለከለም። በጓሮው በኩል ባለው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያጥፋሉ። ከገመድ ያወረድኩትን ክምር ጭናቸው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ጫፉን በጣታቸው ፈልገው፣ ጫፍ ከጫፍ አገናኝተው፣ በመዳፋቸው ዳብሰው፣ ለካውያ እንዲመች በአራት ያጥፋሉ። የኔ ዓይን ያለፈውን ቀዳዳ የሳቸው ጣት አያልፈውም። «ይሄ ከጥጉ ተተርትሯል፣ እሳቷ» ይሉኛል። እሳቷ የሚሉኝ በጠባዬ ነው። አልቀየምም፤ ልክ ናቸው።

የመጨረሻውን አንሶላ አጥፈው ሲጨርሱ ጀምበር ትጠልቃለች። ያን ጊዜ መስኮቱ ጋ ቆሜ ሾላውን አያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሲነሱ ዝም እላለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ሲያልፉ «ወጡ» እላለሁ። አማቴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «እነዚህን የሚያስወጣ፣ የሚያስገባ አምላክ፣ የኔንም ልጅ በሰላም ያስገባልኝ» ይላሉ። እኔ «አሜን» እላለሁ። ከዚያ ደረታቸው ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል።

የሚደውለው ትንሹ ነበር። የብየዳ ሙያ ተምሮ ሩቅ አገር ድልድይ ሊሠራ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። ሲሄድ ለእናቱ የሰጣቸው ቃል «ወፎቹ ሲወጡ እደውላለሁ» የሚል ነው፤ ሰዓት ማየት የማይችሉን ሰው በሰዓት መቅጠር ምን ዋጋ አለው? ሾላውን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው እዚያ ሆኖ አስልቶ ይደውላል። ሁልጊዜ የሚጀምረው ዛሬስ ስንት አንሶላ አበላሹ ብሎ ነው። እኔ ስልኩን ተቀብዬ ወፎቹን እስከ ሰባት ትውልዳቸው እሰድባለሁ፣ እሱ ይስቃል፣ አማቴ በሳቁ ይስቃሉ። ከዚህ ያለፈ ቁም ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ሌላ ጊዜ ይደርሳል ብለን ነው።

አንድ ማታ ስልኩ ሳይጮኽ ቀረ። በማግስቱ ድልድዩን ከሚሠራው ድርጅት ለባሌ ተደወለ። ትንሹ ድልድዩ ላይ ሆኖ ሲበይድ የቆመበት መወጣጫ ከድቶት ወድቋል፤ ሕክምና ቦታ ሳይደርስ አርፏል። ባሌ ለእናቱ ወንድሜ የሥራ ዕቃ ላክልኝ ስላለ ላደርስለት ነው ብሎ ሄደ። እዚያው ቀብሮት ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

የተለቀሰው በአጎት ቤት ነው። የአማቴ ወንድም ናቸው፤ ዳኛ ሳይሆኑ በሁሉ ነገር ላይ ስለሚፈርዱ ዳኛው እንላቸዋለን። ዘመዱን ሰብስበው ፈረዱ። ሐኪሙ ድንገተኛ ድንጋጤ እንዳያገኛት ብሏል፤ ስለዚህ ልቧ ጠና እስኪል አይነገራት፣ ሆድ ይፍጀው አሉ። እኔ፣ እናት የሞተ ልጇን በየማታው እየመረቀች እስከ መቼ ልትቆይ ነው ብዬ ጀምሬ ነበር። ዳኛው በዓይናቸው አስቀመጡኝ፤ ይህ የሥጋ ዘመድ ምክር ነው አሉ። በተረቱ የሌሊት ወፍ ግብር ስትጠየቅ ከወፍም ከአይጥም አይደለሁም ያለችው በብልጠቷ ነው። ምራት ግን ሳትፈልግ የሌሊት ወፍ ናት፤ ለሥራ ሲሆን ልጅ፣ ለምክር ሲሆን ባዕድ። ቢሆንም ሐኪሙ ያለውን እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ብናገርና ልባቸው ቢቆም ደማቸው ከኔ እጅ የሚወርድ አይደለም። ዝም አልኩ።

ባሌ ለእናቱ ትንሹ ኔትወርክ ወደሌለበት በረሃ ተዛውሯል አላቸው፤ ዳኛውም ሊጠይቋቸው ሲመጡ ይህንኑ ያጸናሉ። በየጥቂት ቀኑም መንገድ ላይ ሳለሁ ደወለልኝ፣ ሰላም ብሎሻል ይላቸዋል። ይህን ብሎ ከወጣ በኋላ ባጃጁ ውስጥ ሲገባ በበሩ አየዋለሁ፤ ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ይቀመጣል። አማቴ ስልኩን ከደረታቸው ኪስ አይለዩትም፣ በየጠዋቱ ቻርጅ መሙላቱን ያስዩኛል። የኔ ድርሻ ከሁሉም ቀላል ይመስል ነበር። መስኮቱ ጋ ቆሜ «ወጡ» እላለሁ፣ ይመርቃሉ፣ «አሜን» እላለሁ። አሜን የምለው ግን የሞተ ሰው በሰላም እንዲገባ ነው።

በዚህ መሐል ከአጥራችን ማዶ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ መሠራት ጀመረ። ድንጋይ የሚፈጭ ማሽን መጣ፣ ለጥበቃ ተብሎም ፓውዛ ተሰቀለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሾላችንን ቀን አስመሰለው። ወፎቹ ጥቂት ቀን ታገሡ። አንድ ማታ ወጡ፣ ጠዋት አልገቡም። አንሶላ ላሰጣ ስወጣ ሾላው ቅጠሉን ብቻ ይዞ ቆሟል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ስንት ዓመት የተመኘሁት ነገር ነው። ሲመሽ ግን መስኮቱ ጋ ቆሜ ባዶውን ዛፍ ሳይ፣ አማቴ ከኋላዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አዘጋጅተው ይጠብቁኛል። ወጥተው ቀሩ ብላቸው ወዲያው ማንን እንደሚያስቡ ገባኝ። «ወጡ» አልኩ። መረቁ። «አሜን» አልኩ። እስከዚያ ቀን የነበረውን ውሸት የፈጠሩት ሌሎች ናቸው። ይህችኛዋ የራሴ ነች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እውነት ነው። በመጀመሪያው ማታ «ወጡ» ያልኩት መስኮቱን ተደግፌ ነበር። ሲሰነብት መስኮቱ ጋ መቆሙንም ተውኩት፤ በር ላይ ብቅ ብዬ፣ ሰማዩን አይቼ «ወጡ» ማለት ሆነ። አማቴ አንዳንዴ ይሄ ማሽን አያስደነግጣቸውም ወይ ይሉኛል፤ ለምደውታል እላለሁ። ዛሬስ ሲነታረኩ አልሰማሁም ሲሉ፣ ማሽኑ መቼ ያሰማል እላለሁ።

ሥራውም ተመቸኝ። ድሮ ፀሐይ ዘንበል ስትል የያዝኩትን ጥዬ ወደ ገመዱ እሮጥ ነበር። አሁን ካውያዬን ጨርሼ፣ ሳፋዬን አለቅልቄ ደፍቼ፣ ደንገዝገዝ ሲል ቀስ ብዬ አወርዳለሁ። አንድም አንሶላ የሚበላሽ የለም፤ በረኪና እንኳ መግዛት ቀነሰ። ባሌም አንድ ሌላ ማረፊያ ጨመረልን። ምላሴ ወፎቹ እንዳሉ ይናገራል፣ እጄና እግሬ ግን ወፍ እንደሌለ ሆነው ይሠራሉ። ይህ እርስ በርሱ እንደማይገጥም ለአንዳችንም አልታየንም። ለማን ይታያል፣ የሚያይ ሰው ያለ አልመሰለንም።

አንድ ማታ እንደ ልማዴ «ወጡ» ብዬ፣ ምርቃቱን በአሜን ዘግቼ፣ አንሶላውን ከገመድ አውርጄ አመጣሁና ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። አማቴ አላጠፉም። ሁለት መዳፋቸውን ክምሩ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ መሐሉ አስገብተው ከሥር ያለውን ዳበሱ። አንዱን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«እሳቷ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ይሄን መቼ አወረድሽው?»

«አሁን ነው፣ እማማ።»

«ወፎቹ ከወጡ በኋላ።»

የአንሶላውን ጫፍ አሁንም በጣታቸው ይዘዋል።

«ይሄን ሁሉ ዓመት አንሶላ እጄ የሚገባው ትኩስ ሆኖ ነው» አሉ። «የፀሐዩ ሙቀት ሳይለቀው። እኔ አጥፌ ስጨርስ ነው አንቺ ወጡ የምትይኝ። አሁን መጀመሪያ ወጡ ትይኛለሽ፣ ከዚያ ጤዛ የነካው አንሶላ ታመጪልኛለሽ። ላዩ ላይ አንድ ነገር የለበትም። አንቺ ደግሞ ወፍ በሚያልፍበት ገመድ ላይ አንሶላ ትተሽ የምትቀመጪ ሰው አይደለሽም።»

ማሽኑን ላመካኝ አሰብኩ። እሳቸው ቀጠሉ።

«ድምፃቸው ሲጠፋ ጆሮዬን ጠረጠርኩ። ጠረናቸው ሲጠፋ አፍንጫዬን ጠረጠርኩ፤ አርጅቻለሁ አልኩ። እጄን ግን አልጠረጥርም።» መዳፋቸውን ከአንሶላው ላይ አላነሱም። «ሾላው ባዶ ነው፣ አይደል?»

«ባዶ ነው፣ እማማ። ማሽኑ ከመጣ ሰሞን ጀምሮ።»

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ምነው ተቆጥተው ቢሆን። የአንሶላውን ጫፍ በጣታቸው ያሹት ጀመር። ነገሩን ከጫፍ ጫፍ ሲያገናኙት ፊታቸው ላይ ይታየኛል።

«ለሌሊት ወፍ ብሎ የሚዋሽ ሰው የለም» አሉ። «ሄዱ ብትይኝ ምን እሆናለሁ? አንቺማ እሰይ ነበር የምትይው። እዚያ መስኮት ጋ ቆመሽ እሰይ፣ ተገላገልኩ ብለሽ ሰፈሩን ታሰሚ ነበር። እሰይ እንዳትይ የያዘሽ ነገር ምንድን ነው?»

በሩን አየሁ። ባሌ ገና አልመጣም። ሐኪሙ ያለው ትዝ አለኝ፣ የዳኛው ዓይንም ትዝ አለኝ። እጃቸውን ያዝኩ፤ ደም ሥራቸው ከጣቴ ሥር ይዘላል።

«እማማ፣ ልብዎ…»

«ልቤን ተይው፣ የኔ ልብ ነው። ልጄ የት ነው?»

«ትንሹ የለም፣ እማማ» አልኩ። «ድልድዩ ላይ ወድቆ ሞቷል። ትልቁ የቀበረው ዕቃ ላደርስለት ብሎ የሄደ ጊዜ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጆሮዬን ደረታቸው ላይ ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም። ልባቸው አልቆመም። ክምሩን አንሶላ ወደ ደረታቸው ሰብስበው አቀፉት፣ ፊታቸውን ውስጡ ቀበሩት፤ ለቅሷቸው ከአንሶላው ውስጥ እየታፈነ ወጣ። እኔም አለቀስኩ። ለትንሹ በገዛ ቤቱ የተለቀሰለት ያን ማታ ነው።

ብዙ ቆይተው ቀና አሉ። ፊታቸውን በአንሶላው ጫፍ ጠረጉ።

«እኔ በሰላም ያስገባልኝ ስል፣ አንቺ አሜን ትዪ ነበር» አሉ። «ትልቁ ቢዋሸኝ ፈርቶ ነው። ወንድሜም ታላቅ ነኝ ብሎ ነው። ሁለቱም ሲናገሩ ሆዴ አያምናቸውም ነበር። አንቺ ግን የሆድሽን በአፍሽ የምታወጪ ነሽ ብዬ፣ ያንቺን አሜን ይዤ ነው ተኝቼ የማድረው።»

ወዲያው ባጃጁ ሲገባ ተሰማ። ባሌ ከበሩ ላይ ሆኖ እናቱን አየ፣ እኔን አየ። ሄዶ እግራቸው ሥር ወደቀ። እናትየው ጭንቅላቱን እየዳበሱ ብቻህን ቀበርከው፣ ብቻህን ነው የቀበርከው ይሉት ነበር። ባሌ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በማግስቱ ዳኛው መጥተው ማን ንገሪ አለሽ ብለው በኔ ላይ ይፈርዱ ጀመር። ያስቆሟቸው እህታቸው፣ አማቴ ናቸው፤ ከእንግዲህ ልቧን እንጠብቅላት የሚል ካለ ደጅ ሆኖ ይጠብቀው አሉ። ዳኛው የተፈረደባቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ባዶው ሾላ ሥር ወንበር ደርድረን ተቀመጥን፤ ትንሹን የሚያውቅ ሁሉ መጣ።

ሐዘኑ ከወጣ በኋላ ሥራው ቀጠለ። አንሶላ ሰው ሞቷል ብሎ አይጠብቅም። አማቴ መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ያጥፋሉ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስገቢልኝ አሉ፤ አስገባሁት። ሲመሽ ወጡ ወይ ብለው አይጠይቁም፣ እጃቸውንም አይዘረጉም። ይህን ሁሉ እረዳለሁ። የከበደኝ ሌላ ነው። ምሳ ቀርቧል ስላቸው ሳህኑን በእጃቸው ይፈልጉታል። እየዘነበ ነው ስላቸው መስኮቱን ከፍተው መዳፋቸውን ያወጣሉ። በሩን ቆልፌዋለሁ ስል ግድግዳውን ይዘው ሄደው ቁልፉን ይነካሉ። አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እሳቷ ማለትም ተዉ፤ «አንቺ ልጅ» ሆንኩ። እንደ አንዷ የሰፈር ልጅ።

ባሌ ጊዜ ይፈታዋል ይለኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ይጠቅስልኛል። እውነቱማ ጠርቷል፤ ያልጠራው እኔ ነኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ቃሌ ሳይዳሰስ የማይታመን ሆኖ መኖር ከማንኛውም ስድብ በላይ አቃጠለኝ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ ለምኛቸዋለሁ፤ ይቅር ብዬሻለሁ አሉኝ። ከዚያ ሻዩ በርዷል ስላቸው ብርጭቆውን ነኩት።

የጎረቤቱ ፎቅ በምን ምክንያት እንደሆነ አላውቅም፣ ግማሽ ላይ ቆመ። ማሽኑ ተጭኖ ሄደ፣ ፓውዛው ወረደ። ሾላው በወቅቱ አፈራ፣ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፍ ጀመር። አንድ ጠዋት አንሶላ ላሰጣ ስወጣ ከላይኛው ቅርንጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተላወሰ። ጥቂቶች ናቸው። ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ተጠቅልለው ተንጠልጥለዋል። አንዷ ደረቷ ላይ ልጅ ይዛለች፤ የቡችላ የመሰለውን ፊቷን አዙራ አየችኝ። እኔ፣ ድንጋይ ያነሳሁት ሴትዮ፣ አንሶላውን እንዳቀፍኩ እንባዬ መጣ።

ሮጬ ገባሁ። ተመለሱ፣ እማማ፣ ወፎቹ ተመለሱ አልኳቸው።

«እንዲያ ነው?» አሉ። እጃቸው ማጠፉን አላቋረጠም።

መስኮቱን ልክፈትልዎና ያዳምጡ አልኳቸው። ይበርደኛል ተዪው አሉ። ጥቂት ስለሆኑ ድምፃቸውም ጠረናቸውም ገና ክፍሉ አልደረሰም። እኔን ደስ ለማሰኘት ነው የምትይው የሚል ነገር ፊታቸው ላይ አየሁ፤ አዘኑልኝ እንጂ አላመኑኝም።

ያን ዕለት ፀሐይ ዘንበል ስትል እንደ ድሮዬ ሮጥኩ። አንሶላውን ሁሉ በትኩሱ አስገባሁ። አንዱን ብቻ ገመዱ ላይ ተውኩት። የደንበኛ አይደለም፤ ለሠርጌ የተገዛ የራሴ ነጭ አንሶላ ነው፣ ከሣጥን አውጥቼ አርጥቤ ያሰጣሁት። ባሌ ሲገባ አይቶ የረሳሁት መሰለውና ሊያወርደው እጁን ዘረጋ። ያዝኩት። ለምን እንደሆነ ስነግረው መቆንጠጫውን አጥብቆ መለሰው።

በማግስቱ ጠዋት አንሶላው መሐል ለመሐል ተበላሽቶ አገኘሁት። ቡናማ ነጠብጣብ፣ ውስጡም የደረቀ የሾላ ዘር። እንዲህ ባለ ነገር ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሳላጥበው ወሰድኩላቸው፤ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ጣታቸው ጫፉን አገኘ። ጫፍ ከጫፍ ሊያገናኙ ሲሉ መዳፋቸው መሐሉ ላይ ደረሰና ቆመ። በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ዘሩን በሁለት ጣታቸው መሐል አሹት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና እዚያው አቆዩት።

«የማን ነው ይሄ?»

«የኔ ነው፣ እማማ።»

«ሌሊቱን ደጅ ተውሽው።»

«ተውኩት።»

«ረስተሽ?»

«አልረሳሁም። ቃሌ ስለማይበቃዎ ነው።»

አንሶላውን አጠፉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሸሸ አንሶላ አጥፈው የማያውቁ ሴት፣ ያንን በአራት አጥፈው፣ በመዳፋቸው ዳብሰው፣ ትራሳቸው አጠገብ አኖሩት። ልጠበው ስላቸው ይቆይ አሉኝ።

ሲመሽ መስኮቱን ክፈቺው አሉኝ። ከፈትኩና ቆምኩ። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር የመጀመሪያዋ ተነሳች፣ ሌሎቹ ተከተሏት። ብዙ አልነበሩም። ባዶውን ገመድ አልፈው፣ ግማሽ የቀረውን ፎቅ አልፈው ሄዱ። የመጨረሻዋ ልጇን ደረቷ ላይ የያዘችው ነበረች። አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ ግን አልወጣልኝም። ስንት ማታ በከንቱ ጠርቼዋለሁ።

«እሳቷ» አሉ ከኋላዬ። በዚህ ስም ከተጠራሁ ቆይቼ ነበር። «ወጡ?»

«ወጡ፣ እማማ።»

እጃቸውን ዘረጉ። «እነዚህን የሚያስወጣ፣ የሚያስገባ አምላክ» ብለው ጀመሩና ቆሙ፤ ልማድ ወደ ድሮው ምርቃት ሊወስዳቸው ነበር። አንድ እጃቸው ስልኩ ወደነበረበት ኪስ ሄደ፣ ባዶ መሆኑን ነካ፣ ተመለሰ።

«የኔን ልጅ ባለበት አሳርፍልኝ» አሉ።

ያን ቃል እንደገና በፊታቸው ለማለት ፈራሁ። እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁኝ።

«በይ እንጂ» አሉኝ። «አሁን አሜን በይ።»